«ኃይሌ! ኃይሌ!» ሲሉህ አትፍጠን

ክረምቱ ወጣ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ታላቁ ሩጫም ኅዳር ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከግማሽ በላይ ስለ ሩጫ መሆናቸው አልገረመኝም። ስድስቱን መረጥኩ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ፣ ጥያቄያችሁ ቃል በቃል ባይወጣ አትቀየሙኝ።

ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፣ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ኳስ እጫወት ነበር። አሁን ቦርጭ መጣ፣ የኮንዶሚኒየማችንን 4ኛ ፎቅ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሩጫ ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሳንባዬ ሊወጣ ይደርሳል፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ቆሜ እመለሳለሁ። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም። ሰነፍ ነኝ ወይስ ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም? (ከአያት)

ወንድሜ፣ ሰነፍ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው እየተነሳ አስፋልት ላይ አይሰቃይም። ፈጥነህ ነው። ስትሮጥ ሳላይህ እንዴት አወቅክ ትለኝ ይሆናል። ሌላ ሕመም የሌለበት የአንተ ዕድሜ ሰው ሁለት ደቂቃ ላይ የሚያልቅበት፣ ሶምሶማ መሮጥ ሲገባው ከሰው ጋር እንደተፎካከረ ሲሮጥ ነው።

እኔም የወደቅኩበት ጉድጓድ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ክለብ ገብቼ ሮጫለሁ፣ ስም የሚያስጠራ ነገር ግን አልሠራሁም። ከዚያ ትዳር፣ ቢሮ፣ ክትፎ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳልሮጥ ቀረሁ። የተመለስኩ ዕለት በጠዋት ሲኤምሲ አስፋልት ዳር ዱብ ዱብ እያልኩ ሁለት ሊስትሮ ልጆች አዩኝና «ኃይሌ! ኃይሌ! አይዞህ ጋሼ!» አሉ። ይሄን ሰምቶ የማይፈጥን ካለ አሳዩኝ። ደረቴን ነፋሁ፣ ጉልበቴን ከፍ ከፍ አደረግኩ፣ አንድ ሃምሳ ሜትር ያህል በረርኩ። ከዚያ ባቴን በድንጋይ የመቱኝ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ፤ ልጆቹ ብሩሻቸውን ይዘው እዚያው ተቀምጠዋል፣ የወረወረ የለም። ለካ ጡንቻዬ ነው። በኮንትራት ታክሲ ቤቴ ገባሁ፣ ሦስት ሳምንት አነከስኩ።

የእኛ አገር ጣጣ ይሄ ነው። ሩጫ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የመጨረሻው ዙር ነው፣ ደወሉ ተደውሎ ቀነኒሳ ሲፈተለክ። ልምምዱን ግን አላየነውም። አንድ ቀን በማለዳ እንጦጦ ወይም ሰንዳፋ ሄደህ የክለብ ሯጮችን በቀላል ቀናቸው እያቸው። ተሰልፈው፣ አንዱ የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዙ ነው የሚሄዱት። ሲጀምሩማ እርምጃ ነው ሩጫ ያሰኛል። ውድድር ላይ ኪሎ ሜትሩን በሦስት ደቂቃ የሚጨርሱ ልጆች እኮ ናቸው! እነሱ ዝግ ማለት ካላሳፈራቸው አንተ ማንን ፈርተህ ነው?

ልክህን ለማወቅ ውድ ሰዓት አያስፈልግህም። እየሮጥክ ማውራት መቻል አለብህ፣ «እ» እና «አዎ» ሳይሆን ሙሉ ወሬ። ብቻህን ከሆንክ ለእናትህ ደውልላት፤ «ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?» ካለችህ ፈጥነሃል። እንዲህ ስትሞክረው ከፈጣን እርምጃ ብዙም የማይሻል ሩጫ ይሆንብሃል። ልክ ነህ፣ እሱ ነው።

በሳምንት ሦስት ቀን ውጣ፣ ቀኖቹ አይያያዙ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ እንበል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይሄን ስምንት ጊዜ። አለቀ፣ ቤትህ ግባ። «ይቺማ ምን አላት» እንደምትል አውቃለሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ሊያሳፍርህ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ደቂቃ ሮጠህ ሁለት ደቂቃ ተራመድ፣ ቀጥሎ ሦስት ሮጠህ አንድ፣ ቀጥሎ አምስት ሮጠህ አንድ እያልክ ሂድ። የከበደህን ሳምንት ድገመው፣ ማንም አይቆጥርብህም። ብዙ ሰው በዚህ አካሄድ በሁለት ወይ በሦስት ወር ግማሽ ሰዓት ሳይቆም ይሮጣል። ፍጥነት የሚባለውን ነገር እስከዚያ እርሳው።

ደግሞ የምትሮጥበት ከተማ ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ኦክስጅንም እንደዚያው። እዚህ ስላደግክ ሰውነትህ ለምዶታል፣ ግን ከኢንተርኔት ያወረድከውን «ኪሎ ሜትሩን በዚህን ያህል ደቂቃ» የሚል ፕሮግራም የጻፈው ሰው ምናልባት የባሕር ዳርቻ ላይ ነው የሚሮጠው። ፍጥነቱን ተወው፣ ስንት ደቂቃ ሩጥ እንደሚል ብቻ ውሰድ።

ውጋቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወይ በልተህ ሳትቆይ ስትወጣ ወይ ስትፈጥን ነው። ከበላህ ሁለት ሰዓት ይለፍህ። ሲይዝህ ዝግ በል፣ ቦታውን በእጅህ ጫን አድርገህ በረጅሙ ተንፍስ፣ ይለቅሃል። ደረትህን ከጨመቀህ፣ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከሄደ፣ ወይም ካዞረህ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ቁም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

27 ዓመቴ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ለታላቁ ሩጫ ተመዝግበን በየቀኑ እንሮጣለን። ትንፋሼ በጣም ተሻሽሏል፣ በአንድ ወር 6 ኪሎ ሜትር ደርሻለሁ። ግን ቅልጥሜን በውስጥ በኩል ያመኛል። ጓደኞቼ «ሲለምድ ይተውሻል» ይላሉ። ልቀጥል? (ከቦሌ ሚካኤል)

እንደዚህ ሆነሽ አትቀጥዪ። ጓደኞችሽ ደጎች ናቸው፣ ግን ቅልጥሙ የእነሱ አይደለም።

ምን ሆነ መሰለሽ፤ ሰውነትሽ እኩል አይለምድም። ደምሽና ልብሽ ቶሎ ናቸው፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ይሰማሻል። ጡንቻም ይከተላል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት ደግሞ የራሱ አመል አለው፤ ጫና ሲበዛበት ለመጠንከር ብሎ መጀመሪያ አሮጌውን ቦርቡሮ ያወጣል፣ ከዚያ ነው አዲሱን የሚሞላው። ቤት እንደማደስ በይው። አንቺ አሁን ግድግዳው ፈርሶ አዲሱ ገና ሳይመረግ እንግዳ የጠራሽበት ሳምንት ላይ ነሽ። ትንፋሽሽ «እንሂድ» ሲል አጥንትሽ አልደረሰም። ከጀማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሰነፉ ሳይሆን እንዳንቺ ቶሎ የተሻሻለው ነው።

አንድ ነገር አድርጊ። ቁጭ ብለሽ በአውራ ጣትሽ የቅልጥምሽን ውስጠኛ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ጫን ጫን እያደረግሽ ውረጂ። ሕመሙ አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ የተበተነ ከሆነ፣ ስትሟሟቂም ቀለል የሚል ከሆነ፣ የተለመደው የጀማሪ ሕመም ይመስላል። አንዲት የሳንቲም ስፋት ያላት ነጥብ ላይ «አይ!» የሚያሰኝሽ ከሆነ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ ወይም በአንድ እግርሽ ዘለል ስትዪ የሚያምሽ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁመሽ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ብለውሽ ሕመሙ ካልተወሽ ተመለሺ።

የተለመደው ዓይነት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሩጫውን ተዪው። እርምጃ ካላመመሽ ተራመጂ፣ ሳይክል ካገኘሽ ንጂ። ስትመለሺ ቀን እያለፍሽ ብቻ፣ ካቆምሽበት በግማሽ ጀምረሽ፣ ከተቻለም አስፋልቱን ትተሽ እንደ ጃንሜዳ ያለ ሣር ወይም አፈር ላይ ሩጪ። ታላቁ ሩጫ አይቅርብሽ። 10 ኪሎ ሜትሩን አራት ደቂቃ እየሮጥሽ አንድ ደቂቃ እየተራመድሽ ጨርሺው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸነፈ፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን ያን ጊዜም ዛሬም ግማሹ እየጨፈረ ነው የሚሄደው፣ አንቺ መራመድሽን የሚያይ የለም።

ልጄ እንደምን አለህ? 61 ዓመቴ ነው፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ዘንድ ሆኜ የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ። ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጄ የልብ ምት የምትቆጥር ሰዓት ገዝታልኝ እየተራመድኩ ነው፣ አሁን ቀስ ብዬ ሩጫ ብሞክር ብዬ አሰብኩ። ግን ሰዓቷ ሁልጊዜ «ገና ነሽ፣ ጨምሪ» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። ማንን ልመን? ደግሞ ሱሪ አፍራለሁ፣ በቀሚስ ይሆናል?

እናቴ፣ ራስዎን ይመኑ። ሰዓቷን ለጊዜ ማያ ብቻ ይጠቀሙባት።

ለግፊት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ እነ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል፣ የልብ ምትን እንዳይፈጥን ይይዙታል። እርስዎ አቅምዎ አልቆ ሳለ ልብዎ ብዙ ስለማይዘል፣ ሰዓቷ ገና ያልጀመሩ ይመስላታል። ብልቃጡን ይዩት፤ ስሙ «ሎል» ብሎ የሚያልቅ ከሆነ ነገሩ ይሄ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱን ግን በራስዎ እንዳይተዉት፣ አደራ። ሩጫውን ከመጀመርዎ በፊትም ለሐኪምዎ «እንዲህ ላደርግ ነው» ብለው ይንገሩ፣ ልጅዎ ትሂድና ታስተርጉም። የልብን ከፍተኛ ምት ለማወቅ «ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ» የሚባለው ስሌት ለጤነኛውም ቢሆን ግምት ነው፣ ለእርስዎ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ሐኪምዎ ከፈቀደ፣ እዚያው ሰፈራችሁ ስላይጎ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ዳር ያለው መንገድ ደህና ነው፣ ዳገት አይበዛበትም። አሥር ደቂቃ ይራመዱ፣ ከዚያ ከአንዱ ዛፍ እስከ ቀጣዩ ሶምሶማ፣ ከዚያ ትንፋሽዎ እስኪመለስ እርምጃ። ዛፎቹን እርስዎ ነዎት የሚመርጡት፣ የተራራቁትን አይምረጡ። የልጅ ልጅዎን በስም እየጠሩ መቆጣት እስከቻሉ ድረስ ፍጥነትዎ ልክ ነው። ቤት ሲገቡ ደግሞ ከወንበር ላይ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ጉልበትዎን ከሩጫው የሚጠብቅልዎ እሱ ነው።

ለገና አዲስ አበባ ከመጡ የመጀመሪያውን ሳምንት እርምጃ ብቻ ያድርጉ። የእኛን አየር ሰውነትዎ ትንሽ ረስቶታል። በቀሚስ ይሆናል፣ እግር የማይዝ ይሁን እንጂ። ነጠላውን ግን ቤት ይተዉት።

ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ የነቢያት ጾምም ኅዳር 15 ይገባል። ሁለት ቀን ጠዋት ጾሜን ሮጬ አዞረኝ። የንስሐ አባቴ «ለሩጫ ብለህ ጾም እንዳትሽር» አሉኝ። አንተስ ምን ትላለህ? (ከጎንደር)

ከአባትህ ጋር አታጣላኝ። ጾሙን አትሻር፣ ሰዓቱን ቀይር።

ጠዋት ሮጠህ ያፈሰስከውን ላብ እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ መዋል ነው ያዞረህ። በጾም ቀን ማታ 12 ሰዓት ላይ ሩጥ፤ 9 ሰዓት በልተሃል፣ ጠጥተሃል፣ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የሱፍ ፍትፍት ካለህ ለጡንቻህ ሥጋ አልጎደለብህም፣ መጠኑን ብቻ አታሳንስ። ከሩጫ በኋላ አንድ ብርጭቆ በሶ ጨው ጣል አድርገህ በጥብጥ፣ በዱቄትና በጣሳ የሚሸጠውን የፈረንጅ መጠጥ ሁሉ ተወው። ቡናና ሻይ ከምግቡ ጋር አታድርግ፣ አንድ ሰዓት አርቀው፤ የምስሩን የብረት ማዕድን ሰውነትህ እንዳይወስድ ያግዱታል።

ከጅማ ስለ ረመዷን የጠየቅሽኝ እህቴም መልስሽ ተመሳሳይ ነው። ካፈጠርሽ ሁለት ሰዓት ቆይተሽ ሩጪ፣ ወይም ከማፍጠሪያው በፊት ባለችው የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ቀለል አድርገሽ። ሱሑር እንዳያመልጥሽ። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ግን ይሄን ከእኔ ሳይሆን ከሐኪማችሁ ነው የምትሰሙት።

አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸንፎ የለ? ታዲያ ጫማ ግዛ የምትሉን ለምንድነው? (19 ዓመት፣ ከሐዋሳ)

ጎበዝ፣ ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። እግሩ በባዶው መሮጥ የለመደ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አጥልቆ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ብዙ ሳይቆይ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሦስት ደቂቃ አሻሻለ። ስለ ሮም ሁሉም ያወራል፣ ስለ ቶኪዮ ጫማ የሚያወራ የለም።

ገንዘብ ከሌለህ ሳልባጅም ይሆናል። ሶሉን በሁለት እጅህ ጠምዝዘው፣ እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘ ተወው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ እየው፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ነው፣ አንተ አትውረሰው። ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ክፍተት ይኑር። ከሰዓት በኋላ ግዛ፣ እግር ውሎ ያብጣል።

ሌሊት 11 ሰዓት ነው ለመሮጥ የሚመቸኝ፣ ግን የሰፈር ውሾች አላስወጣ አሉኝ። ምን ይሻላል? (ከገርጂ)

እኔንም። ሲመጡብህ አትሩጥ፤ የሚሮጥ ነገር ማባረር ተፈጥሯቸው ነው። ቁም፣ እጅህን ሰብስብ፣ ዓይን ዓይናቸውን አትይ፣ ጀርባህን ሳትሰጥ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ራቅ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሳት (የሌለም ቢሆን ማስመሰል) በእኛ ሰፈር ውሾች ላይ ይሠራል፣ ተናካሽ ላይ ግን አልሞክረውም። ከተቻለ አንድ ሰዓት ቆይተህ ውጣ፣ መንገዱ ላይ ሰው ሲበዛ እነሱም ወደ ጥጋቸው ይገባሉ። የዘበኞቹን ስም ማወቅም ይጠቅማል፣ ውሾቹን በስም የሚጠሯቸው እነሱ ናቸው።

ከነከሰህ ወይም ጥርሱ ከጫረህ፣ ትንሽ ናት ብለህ አትተዋት። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠበው፣ በጨርቅ አትጠፍረው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደህ የእብድ ውሻ ክትባት ጠይቅ። እዚያ ከሌለ የት እንዳለ ይነግሩሃል። ክትባቱ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚሰጥ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትይዝ አትውጣ።